የድልድዩ ዘፈን በእህቴ ድምፅ

የልጅ ልጄ ሰላማዊት ልታገባ ነው። ባለፈው እሑድ ካሴቶቿን ምንጣፉ ላይ ዘርግታ ለሠርጓ የሚሆኑ ዘፈኖች ስትመርጥ፣ እኔ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ምስር እየለቀምኩ አዳምጣት ነበር። አንዱን ታስገባለች፣ ጥቂት ትሰማለች፣ ታወጣለች። በመጨረሻ ሁለት ካሴት ይዛ ወደ እኔ መጣች። ዘፈኑ አንድ ነው። አንዱ ካሴት ላይ ዘፈኑን መጀመሪያ ያወጣው ዘፋኝ ይዘፍነዋል፤ ሌላው ላይ በቅርቡ እንደገና የተጫወተችው አንዲት ወጣት። ሁለቱንም አሰማችኝና የትኛው እንደሚሻል ጠየቀችኝ። የመጀመሪያው ከመቀመጫ ያስነሣል። ሁለተኛው ግን የተነሣውን ሰው መልሶ ያስቀምጣል። ቃሉ ያው፣ ግጥሙ ያው። ታዲያ አንድ ዘፈን እንዴት ሁለት ይሆናል?

ይህ ነገር መጀመሪያ ያስገረመኝ ጣሊያን ከመግባቱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ የአክስቴ ልጅ የሺ ባገባችበት ጥር ነው።

ያን ጊዜ ቤታችን ከራስ መኮንን ድልድይ ወረድ ብሎ ነበር። አባቴ ኮርቻ ሰፊ ስለነበር ግቢያችን ቆዳ ቆዳ ይሸታል። ክረምት ሲገባ ወንዙ ሞልቶ ጩኸቱ እስከ ጓዳችን ይዘልቃል፤ በጋ ሲሆን ደግሞ የበቅሎ ኮቴ ያስነሣው አቧራና የባሕር ዛፍ ሽታ ተቀላቅሎ ከመንገዱ ይወርድብናል። ወደ አራዳ ገበያ የሚወጣ ሁሉ በላያችን ያልፋል።

እኔ ዘፈን እለቅም ነበር። ውሃ ልቀዳ ስወርድ ከልብስ አጣቢዎቹ፣ ገበያ ስወጣ ከአህያ ነጂዎቹ፣ በውቤ በረሃ በኩል ሳልፍ ከጠጅ ቤቶቹ አጥር ውስጥ የሰማሁትን ሁሉ እቤት እስክደርስ በቃሌ ይዤዋለሁ። አንድ አርመን ነጋዴ ሱቅ ውስጥ ሸክላ የሚያዘፍን መሣሪያ መጥቶ ሰው በሩ ላይ ይጋፋ በነበረ ጊዜ እኔም ተጋፍቻለሁ። እኔን የገረመኝ ግን መሣሪያው መዝፈኑ አልነበረም። ትናንት እንዳለው ዛሬም ማለቱ ነው። ሰው ጠዋት የዘፈነውን ማታ እንኳን እንዲያ አድርጎ አይደግመውም እያልኩ አስብ ነበር። የሰፈራችን ልጃገረዶች በሠርግ ሲዘፍኑ አውጪዋ እኔ ነኝ፤ እነሱ ይቀበሉኛል።

ታላቅ እህቴ ወርቄ እንደኔ አልነበረችም። ዝምተኛ ናት፤ ብትዘፍንም ለራሷ ነው። ካሣ ለሚባል የሲራራ ነጋዴ ታጭታ ነበር። ካሣ በቅሎዎቹን ጭኖ ወደ ደሴ ሄደ፤ ለፋሲካ እመለሳለሁ ብሎ ነበር። ፋሲካ አለፈ፣ ክረምቱ ገባ። እህቴ ወደ አመሻሹ ላይ ድልድዩ ላይ ወጥታ ከማዶ የሚመጡትን ነጋዴዎች ታይ ጀመር። አንዳንድ ቀን አብሬያት እወጣለሁ። የአበሻ ኮክ በነጠላችን ጫፍ ቋጥረን እንበላለን፤ ፍሬውን ወደ ጎርፉ እንወረውራለን፤ ስለ ካሣ ግን አናወራም። አንዲት ልጅ በየቀኑ አንድ ቦታ ከቆመች ለወሬ ይበቃል። ለዘፈንም በቃ።

ዘፈኑን ያወጣው ተገኝ የሚባል አዝማሪ ነው። በዕድሜ የገፋ፣ አፉ እንደ ምላጭ የሰላ ሰው ነበር።

ከድልድዩ ቆማ መንገድ ታያለች፣
የሄደው ላይመጣ ምን ታደርጋለች።

ተገኝ ይህን የሚጫወተው በፈጣን ምት ነው። «ምን ታደርጋለች» ላይ ሲደርስ ማሲንቆውን ገታ አድርጎ አንገቱን ያሰግግና አጥር ለአጥር እንደሚያጮልቅ ሰው ያደርጋል። ጠጅ ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ይቺ ልጅ እዚያ ቆማ ምን ትሠራለች ማለቱ ነው፤ ክፉውን ለማሰብ የፈለገ ያስባል። ብዙም ሳይቆይ አራዳ ሁሉ ያዘው። በቅሎ ሳቢዎቹ ያፏጩታል፤ ጎረምሶቹ በራችን ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ። እህቴ ከቤት መውጣት ተወች። ቅዳሴ እንኳን በጓሮ መንገድ ሄዳ በጓሮ መንገድ ትመለስ ነበር።

አባቴ ዳኛ ዘንድ እከሰዋለሁ ብሎ ተነሣ። መጀመሪያ ግን ሄዶ ተገኝን አነጋገረው። ተገኝም የማንንም ስም እንዳልጠራ፣ ድልድይ ላይ የምትቆመው ሴት አንዲት ብቻ እንዳልሆነች፣ ደግሞም ዘፈን አንዴ ከአፍ ከወጣ እሱ ራሱ ሊመልሰው እንደማይችል ነገረው። አባቴ ተመልሶ ክሱን ተወና መርፌውን አነሣ። ኅዳር ላይ ከደሴ የመጡ ነጋዴዎች ካሣ እዚያው ሚስት አግብቶ ጎጆ መውጣቱን ነገሩን። እህቴም ሰማች።

የየሺ ሠርግ ሲቃረብ እኛ ልጃገረዶቹ አክስቴ ቤት እየተሰበሰብን ነጭ ሽንኩርት እየላጥን ዘፈን እንመርጥ ነበር። ብዙ ማወቄ ያን ጊዜ ብዙም አልጠቀመኝም። ሙሽራይቱ ከቤቷ ስትወጣ የሚዘፈነው እናቷን ያስለቅስ ዘንድ ይገባዋል፤ ሙሽራይቱን ግን ማስለቀስ የለበትም። ሚዜዎቹን የሚሸነቁጠው መሸንቆጥ አለበት፤ ማቁሰል ግን አይገባውም። እያንዳንዱን አንሥተን፣ ዘፍነን፣ ተከራክረን ነበር የምናስቀምጠው። የድልድዩን ዘፈን ሚዜዎቹ እንደሚጠይቁ እናውቃለን። ማንም ቢያወጣው እንዳንቀበል ተማማልን።

ይህን እየተነጋገርን እህቴ ገባች። የሺ እግሯ ላይ ወድቃ ለምናት ነው የመጣችው። በሩ ላይ ቆማ ስትሰማን ኖሯል።

«የድልድዩን ለምን ተዋችሁት?» አለች።

ሁሉም አቀረቀረ። እኔ ብቻ፣ «እትዬ፣ እሱ ለሠርግ አይሆንም» አልኳት።

«ቃሉ እኮ ምንም አላለኝ» አለች። «ቤት ተቀምጬ ደጋግሜ አሰብኩት። ክፋቱ አዘፋፈኑ ላይ ነው።»

ከዚያ ነጭ ሽንኩርቱን አንሥታ ከእኛ ጋር ትልጥ ጀመር። እኔ ግን ነገሩ አላስቀምጥ አለኝ። ወንዝ ስወርድ ግጥሙን ብቻዬን ሞከርኩት፤ በፍጥነት፣ በዝግታ፣ በለሆሳስ፣ ያለ ዜማ ጭምር። በእርግጥም ቃሉ ውስጥ ስድብ የለም። ስድቡ የት እንደተቀመጠ ፈልጌ አጣሁት።

የሠርጉ ዕለት ምሳ ተበልቶ፣ ፀሐይዋ በዳሱ ቅጠል መካከል እየሾለከች ሰው በጨዋታ ላይ እያለ፣ ሚዜዎቹ ተገኝን ይዘው መጡ። ተገኝ አባቴን ሲያይ ደንገጥ አለ፤ ስለ ሙሽራውም ስለ ጠጁም ጥቂት ተጫወተ። ሚዜዎቹ ግን የድልድዩን ካልሰማን አሉ። ቢያዞር ቢያዞር አለቀቁትም። በመጨረሻ ያንን ፈጣን ምት ጀመረ። ከወዲያ በኩል ሳቅ ተሰማ፤ አንዱ ሚዜ አንገቱን ማስገግ ጀመረ። አባቴ ዋንጫውን አስቀምጦ ዱላውን ሲፈልግ አየሁ። በዚያ ዳስ ውስጥ ደም ሊፈስ ነው አልኩ በልቤ።

እህቴ ከሴቶቹ መካከል ተነሥታ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ተገኝ ፊት ሄዳ ቆመች። ማሲንቆው ዝም አለ።

«ቀስ አድርገው ይምቱልኝ» አለችው። «በትዝታ።»

ተገኝ አባቴን አየ፣ እሷን አየ። ጅማቱን ላላ አድርጎ፣ ቀስ ብሎ ጀመረላት። እሷም ዘፈነች።

አንድ ፊደል አልለወጠችም። ድልድዩም፣ መንገዱም፣ የሄደውም እንዳሉ ናቸው። «ምን» የምትለዋን ቃል ግን ያዘቻት፤ ረጅም አድርጋ፣ ድምፅዋን ሳታነሣ ያዘቻት፤ ከዚያ «ታደርጋለች» ስትል እንደ ዕቃ መሬት ላይ አኖረችው። ጠጅ ቤት ውስጥ እዚያ ቆማ ምን ትሠራለች የነበረው፣ ከእሷ አፍ ሲወጣ ምን ማድረግ ትችላለች ሆነ። ቃሉ ከመጀመሪያውም ሁለቱንም ይዞ ኖሯል። እኔ ዘፈን ለቃሚዋ አልሰማሁትም ነበር።

ወንድ ልጇ ከጦር ጋር ወደ ኦጋዴን የወረደባት አክስቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። አንገቱን ያሰገገው ሚዜ ቀስ ብሎ መልሶ መሬት መሬት ያይ ጀመር። እህቴ ስትደግመው እንዳንቀበል የተማማልነው ልጃገረዶች ሳናስበው ተቀበልናት፤ በለሆሳስ። አባቴ ዱላውን ይዞ እንደቆመ ነበር፤ በኋላ ተደግፎበት አየሁት። ስትጨርስ ተገኝን አመስግና ወደ የሺ ሄደች፤ ጉንጯን ስማ ወደ እኔ ዞረችና፣ «በይ፣ አሁን የሚያስጨፍር አውጪላት» አለችኝ። የዚያን ቀን ዓይነት ጭፈራ ከዚያ በኋላ አላየሁም።

ከሠርጉ በኋላ በጠጅ ቤቱ በኩል ሳልፍ ተገኝ ጠራኝ። ሰዎች ዘፈኑን ጠይቀውት እንደድሮው ቢጫወተው የሳቀ ሰው አለመኖሩን ነገረኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እህቴ «ምን» ላይ ትንፋሿን የት እንደምትደብቅ እንድጠይቅለት ለመነኝ። እሱ ቢሞክር ቢሞክር አልሆነለትም። ጥያቄውን ለእህቴ ባደርስላት ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀች። ትንፋሽ የምትደብቅበት ዘዴ አልነበራትም። እንባዋ ሊመጣ ሲል አንቃ መያዟ ነበር።

ከዚያ በኋላ ብዙ ሴቶች ዝፈኝልን እያሉ መጥተዋል። «እኔ ጨርሼዋለሁ፤ እናንተ ዝፈኑት» ትላቸው ነበር። እሷ ገበያ ትወጣለች፣ በፊት ለፊት መንገድ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች። ጎረምሶቹ በራችን ላይ ሲደርሱ ማፏጨታቸውን ትተው ሰላምታ ይሰጡ ጀመር። ቆየት ብላ ደግ አናጢ አገባች፤ ወለደች፣ ከበደች። ካረፈች ዓመታት አልፈዋል።

ሰላማዊት ይህን ሁሉ ካሴቶቿን እቅፏ ላይ አድርጋ ሰማችኝ። የትኛውን ካሴት እንደምትመርጥ መልሳ አልጠየቀችኝም፤ የጠየቀችኝ እኔው ራሴ በሠርጓ ቀን የድልድዩን ዘፈን እንድዘፍን ነው። ሠርግ ላይ አይሆንም አልኳት።

«እማማ ወርቄ በሠርግ አይደል የዘፈኑት?» አለችኝ።

እውነቷን ነው። እህቴ የዘፈነችው ከራሷ ሐዘን ነው፤ ተገኝ ደግሞ ከሳቁ። እኔ ድልድይ ላይ ቆሜ የጠበቅሁት ሰው የለም፤ የምወዳቸውን ግን ብዙዎቹን ሸኝቻለሁ። ዛሬ ጠዋት ሲኒ ሳጥብ ሳላስበው ግጥሙን ዝቅ ባለ ድምፅ አወጣሁት። ድምፄ ይሰነጠቃል፣ ትንፋሼም እንደድሮው አይደለም። ሆኖም በዚህ ዕድሜ፣ በዚህ ጉሮሮ፣ ዘፈኑ ምን ሆኖ እንደሚወጣ ለመስማት እኔም ጓጉቻለሁ።