ደርቀዋል የተባሉት ሴጆች

ለርጥቡም ለደረቁም ምድር ልክ የሰጠ የእግዚአብሔር ስም ይመስገን። በእርሱ ስም ጀምሬ፣ ባለፈው ፍልሰታ ከቅዱስ ቁርባን የቀረሁበትን ምክንያት እጽፋለሁ።

ልጄ ዘሩን ያመጣችልኝ ሴጅ የተባለው ቁጥቋጦ የካሊፎርኒያ ተወላጅ ነው፤ ቅጠሉ አመድማ፣ ሽታው ወደ ጦስኝ የሚያደላ። በጥቂት ውኃ ይኖራል። በሙቀቱ ወራት ቅጠሉን አራግፎ የሞተ ይመስላል፤ ያን ጊዜ ውኃ ካበዙበት ሥሩ ይበሰብሳል። የሚኒሶታን በረዶ ስለማይችል በማሰሮዎች ተከልሁት። ሲሞቅ በቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ሥር፣ ዝናብ በማይደርስበት ጠጠር ላይ አኖረዋለሁ፤ ሲበርድ ሪችፊልድ ወዳለው የወዳጄ ቤዝመንት፣ ከቤቱ በታች ወዳለው ክፍል፣ እናወርደዋለን። ወዳጄ በቅኔ ቤት አብሮኝ የተማረ ሰው ነው፤ ማሰሮዎቹን አምስት ዓመት አብረን ተሸክመናል። የበጋ እንቅልፋቸውን ስነግረው፣ «እነሱም ሱባዔ ገቡ በለኛ፤ ካንተ የሚሻሉት አለማዛጋታቸው ነው» ብሎ ስቆብኝ ነበር።

በነሐሴ መባቻ ኮሎምቢያ ሃይትስ ቤቴን ዘግቼ ሱባዔ ስገባ አደራ አልሁት።

«ውኃ አታጠጣቸው፤ ማንም እንዳያነሣቸው።»

«ሂድ ጸልይ፤ እኔ አለሁ» አለኝ።

በበዓሉ ዋዜማ ወደ ቤተ ክርስቲያን ብሄድ ማሰሮዎቹ የሉም፤ በስፍራቸው አዲስ ሣር ተነጥፏል። ግቢውን ካጸዱት እናቶች አንዷን ጠየቅሁ።

«እኛማ እንዳንነካቸው ብለን አደራ የሰጧቸውን ወዳጅዎን ጠየቅን። ‹ደርቀዋል፣ ጣሏቸው› አሉን። የቆሻሻ መኪናው ጠዋት ወሰዳቸው።»

ከግድግዳው ጥግ የወደቀ አንድ ቅርንጫፍ አነሣሁ። ልጡን በጥፍሬ ብፍቀው ውስጡ አረንጓዴ ነው። ይዤው ወደ ወዳጄ ሄድሁ።

«መተኛታቸውን ታውቅ ነበር» አልሁት።

«አውቅ ነበር። ያንተን ማሰሮ ስሸከም ወገቤ አለቀ።»

«ይህን ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

«ትቀየመኛለህ ብዬ ነዋ።»

በማግሥቱ በቅዳሴው ዲያቆኑ ቂም የያዘ እንዳይቀርብ ሲያውጅ ልቤን መረመርሁት። ስለ ተክሉ አልነበረም፤ ተክል እንደገና ይዘራል። አደራ ብዬው ሳለ ጀርባዬን እስክሰጥ ጠብቆ ማድረጉን ግን መዋጥ አቃተኝ። «ይቅር ብዬሃለሁ» ማለት ይቻለኝ ነበር፤ ነገር ግን ከአፌ አያልፍም። ያን ሁሉ ቀን የጾምሁለትን ቁርባን ትቼ ከዓምዱ ሥር ቆምሁ። ወዳጄ ነጠላውን አስተካክሎ በአጠገቤ አልፎ ቆረበ።

እስካሁንም እርቁ አልሆነልኝም፤ ጸልዩልኝ። እናንተን የምታነቡትን ግን እግዚአብሔር ከነቤተ ሰባችሁ ይባርክ፤ በማዕዳችሁ ዙሪያ ለሚቀመጡት ሁሉ እውነቱን ፊት ለፊት የሚናገር አንደበት ይስጣቸው። አሜን።