«ለየት ያለ ነው» ያለችው አርሊስ

አይዋ በምትባለው የአሜሪካ ግዛት፣ ሆልት ክሪክ በምትባል ትንሽ ከተማ ውስጥ ሰው የሰው ምግብ አያጣጥልም። ሁሉም የየቤቱን ምግብ በሚያመጣበት ድግስ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ውስጥ ሳህኑን ይዞ ይሰለፋል፣ ይቀምሳል፣ በጉሮሮው አልወርድ ካለው ውሃ ይጎነጭና «ለየት ያለ ነው» ይላል። ይህን የተባለች ሴት ያንን ምግብ ደግማ አታመጣም። ስለ አዲሱ ቄስ ስብከትም፣ ስለ ጎረቤት ልጅ እጮኛም፣ ደማቅ ወይን ጠጅ ቀለም ስለተቀባ ቤትም የሚባለው ይኸው ነው። አይዋ ውስጥ ከዚህ የከፋ ስድብ ቢኖርም በሰው ፊት አይነገርም።

አርሊስ ጄደን ዕድሜዋን የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትነዳ ኖራ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። ረጅም፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ ንግግሯ ቁጥብ። ባሏ የሞተ ሰሞን የልጅነት ጓደኛዋ ቬልዳ ኩይፐር ትራሷንና ብርድ ልብሷን ተሸክማ መጣች፤ ሳሎን ሶፋው ላይ እየተኛች ክረምቱን አብራት ከረመች። «ቤቴ ይበርዳል» ነበር ያለችው። ውሸቷን ነው፤ የቬልዳ ቤት ከመንደሩ ሁሉ የሚሞቀው ነው።

ቬልዳ የቴምር ኬክ ትጋግራለች። ኬኩ ጨው እንደሚበዛው ከተማው በሙሉ ያውቃል። ሁሉም «ለየት ያለ ነው» ይላታል፤ እሷ ግን እልኸኛ ናትና ለሚቀጥለው ድግስ ያንኑ ጋግራ ትመጣለች። «አንቺ ሴትዮ፣ ዛሬም ጨውን ደፋሽበት» የምትላት አርሊስ ብቻ ናት። ቬልዳም ያን ጊዜ እየሳቀች ቡና ትቀዳላታለች።

የፕሬዚዳንት ምርጫ ሲቃረብ ፓርቲዎቹ ዕጩ መምረጥ የሚጀምሩት ከአይዋ ነውና ተፎካካሪዎቹ ከሌላው ግዛት ሁሉ አስቀድመው ወደዚህ ይጎርፋሉ፤ ካሜራውም ተከትሏቸው። ሁለቱ ሴቶች የአንድ ፓርቲ ሰዎች ናቸው፤ ከተማው ውስጥ ብዙ ደጋፊ የሌለው ፓርቲ። ፓርቲው ማንን ያቅርብ በሚለው ላይ ግን ያን ዓመት ተለያዩ። አርሊስ የአገረ ገዢዋ የማርሎው ቡድን መሪ ሆነች፣ ቬልዳ ደግሞ የሴናተር ፔንዋርደን። አልተጣሉም። በአርሊስ መኪና አብረው ይወጡና አንዷ የመንገዱን ግራ፣ አንዷ ቀኙን እያንኳኩ ሰው ሲቀሰቅሱ ይውላሉ፤ ማታ አብረው ሾርባ ይጠጣሉ።

ታዲያ አንድ ቀን አርሊስ ምግብ ቤት ቁጭ ብላ ፍራፍሬ የተሞላ ፓይዋን ስትበላ ከኒው ዮርክ የመጣ የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ካሜራ አስከትሎ ቀረባት። ጨዋ ልጅ ነው፤ ኮፍያውን አውልቆ ነው የጠየቃት።

«ወይዘሮ ጄደን፣ እርስዎ የማርሎው ሰው እንደሆኑ ሰዎች ነግረውኛል። ስለ ሴናተር ፔንዋርደንስ ምን ይላሉ?»

አርሊስ ሴናተሩ በዋዜማው እህል መጋዘኑ ጋ ንግግር ሲያደርግ ከቬልዳ ጋር ቆማ ሰምታዋለች። ምንም አልወደደችውም። ግን የጓደኛዋን ሰው በአገር ፊት ማዋረድ አልሆነላትም። ፓይዋን ዋጠችና ፈገግ አለች።

«እሱማ፣ ለየት ያለ ሰው ነው።»

የልጁ ፊት ፈካ። እሱ ባደገበት አገር ይህ ሙገሳ ነው።

ማታ ቴሌቪዥኑ ላይ የአርሊስ ፊት ወጣ። ከሥሩ «የማርሎው መሪ ልቧ ሸፈተ» ተብሎ ተጽፏል። ከረቫት ያሰሩ አዋቂዎች ጠረጴዛ ከበው የገጠር ሴቶች ልብ ወዴት እያዘነበለ እንደሆነ ይከራከራሉ። ከማርሎው ቢሮ አንድ ወጣት ደወለ።

«ወይዘሮ ጄደን፣ ከዱን እንዴ?»

«ልጄ፣ ሰውዬውን ሰደብኩት እኮ ነው።»

«ሰድበውት ነው?» አለ ልጁ። እሱም የመጣው ከቦስተን ነው፤ ምን ብላ ታስረዳው?

አርሊስ ስልኩን ስትዘጋ ሳቋ መጣ። በዚህ ከቬልዳ ሌላ ከማን ጋር ይሳቃል? ደወለች፤ አታነሳም። ጠዋት መኪናዋን በበረዶው እያንሸራተተች ቬልዳ ቤት ሄደች። ቬልዳ በሩን ገርበብ ብቻ አደረገችው።

«አየሽው? ያ ጅል ያሞገስኩት መሰለው!»

«አይቻለሁ» አለች ቬልዳ። «እሱ ያሞገስሽው ይምሰለው። እኔ ግን እዚሁ ነው ተወልጄ ያደግኩት።»

የአርሊስ ሳቅ ጠፋ።

«ያስከፋኝ ሰውየውን መጥላትሽ አይደለም» አለች ቬልዳ። «ካልወደድሽው አልወደድሽውም። ከእህል መጋዘኑ ስንመለስ መኪናው ውስጥ ጠየቅኩሽ። ‹ንግግሩ እንዴት ነበር?› አልኩሽ። ምን አልሽኝ?»

«ሰው በዛ ብሎ ነበር አልኩሽ።»

«ሰው በዛ ብሎ ነበር!» ቬልዳ አንገቷን ነቀነቀች። «አርሊስ፣ እኔን እንደ ባዕድ አስተናገድሽኝ።»

በሩን ዘጋችው። ብታላጋው ይሻል ነበር፤ ቀስ አድርጋ ነው የዘጋችው።

አርሊስ መኪናዋ ውስጥ ሞተሩን ሳታስነሳ ብዙ ተቀመጠች። እውነት ነው፤ ፈርታ ነው። ከባሏ ወዲያ በሯን ሳያንኳኳ የሚገባ ሰው ቬልዳ ብቻ ናት፤ ፖለቲካው ደግሞ ያን ዓመት ወንድማማቾችን ሳይቀር አኳርፎ ነበር። እሷንም እንዳላጣት ብላ እውነቱን ዋጠች። ዋጠችና ይኸው አጣቻት። እሁድ ቬልዳ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሌላ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ አርሊስ ዝማሬው ምን እንደነበር እንኳ አልሰማችም።

የፓርቲው ዕጩ የሚመረጥበት ምሽት ደረሰ። የእነሱ ፓርቲ ያን ጊዜ የድምፅ መስጫ ሳጥን አያውቅም፤ ሰው ትምህርት ቤቱ የስፖርት አዳራሽ ይሰበሰብና የሚደግፈው ዕጩ ጥግ ሄዶ በጎረቤቱ ፊት ይቆማል። ቁጥሩ ያልሞላ ቡድን ይፈርሳል፤ ሰዎቹም ወይ ሌላ ጥግ ይሄዳሉ፣ ወይ ኮታቸውን ለብሰው ወደ ቤት። ስለዚህ እያንዳንዱ ጥግ ጠረጴዛ ላይ ጣፋጭ ይደረደራል፤ በኬክ የተማረከ ሰው ጥቂት አይደለም።

የማርሎው ቡድን በጣም አነሰና ፈረሰ። ሰዎቹ ወደ ሌላ ዕጩ ጥግ ጎረፉ። ከዚያ የቬልዳ ቡድን ተቆጠረ። አንድ ሰው ጎደለው። አዳራሹ መሀል ብቻዋን የቀረችው አርሊስ ነበረች፤ የሁሉም ዓይን እሷ ላይ። ኮፍያ ያወለቀው ጋዜጠኛም ካሜራውን አስጠግቷል።

ቬልዳ ከኬክ ሳህኗ ጀርባ ቆማ መሬት መሬት ታያለች። «ኬክ አለ» አለች፣ ለማንም እንደሚባለው አድርጋ።

አርሊስ ርቀቱን በዓይኗ ለካች። ጥቂት እርምጃ ነው፤ ብትሄድ ሁሉም ነገር ይረሳል። እንዲያውም ቬልዳ ታቅፋታለች። ግን ደግሞ በፍርሃት እንደመጣች ታውቅባታለች፤ እንዲህ የምትታለል ሴት አይደለችም። አርሊስ መራመድ ስትጀምር የፔንዋርደን ሰዎች አጨበጨቡ። የቅርጫት ኳሱ መስመር ጋ ስትደርስ ቆመች። አላለፈችውም።

«ቬልዳ፣ አልመጣም» አለች። «ሰውዬሽን አልወደውም። አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ገበሬ ሲያወራ አጠገቡ የቆመውን ገበሬ አንዲት ነገር አልጠየቀውም። ይህን ያን ዕለት መኪናው ውስጥ ልነግርሽ ይገባኝ ነበር። ፈራሁ። ካንቺ ሌላ ማን አለኝ?»

ጭብጨባው ቀጥ አለ። ከኋላ አንዱ «አሁን ይህን ለመናገር ነው?» ብሎ አጉረመረመ። ቬልዳ ቀና አለች። ከዚያ ሳህኑን አንስታ በመስመሩ ላይ ዘረጋችላት። አርሊስ አንድ ቁራጭ አንስታ ገመጠች፣ አላመጠች፣ በግድ ዋጠች።

«ጨውን ደፋሽበት» አለቻት።

«ይኸው አሁን ሰው ሆንሽ» አለች ቬልዳ፤ እንባዋን በሹራቧ እጅጌ እየጠረገች።

የፔንዋርደን ቡድን በአንድ ሰው ጉድለት ፈረሰ። ሁለቱ ሴቶች የትም ጥግ አልሄዱም። ቆጠራው እስኪያልቅ የተማሪዎቹ አግዳሚ ላይ ሳህኑን መሀላቸው አድርገው ተቀመጡ።

በማግስቱ ጠዋት ቬልዳ ሳታንኳኳ ገብታ የአርሊስ ወጥ ቤት ውስጥ እንቁላል ስትበላ ቴሌቪዥኑ ስለ ሆልት ክሪክ አወራ። አርሊስ መስመሩ ጋ ቆማ «አልመጣም» ስትል ታየች። ሳህኑ አልታየም። ከሥሩ «ፖለቲካ ያቆራረጣቸው የዕድሜ ልክ ጓደኛሞች» ይላል፤ ከረቫታሞቹም ስለ አገሪቱ መከፋፈል በሐዘን ይነጋገራሉ።

«ዘገባውን እንዴት አየሽው?» አለች አርሊስ ቡና እየቀዳች።

ቬልዳ የጎረሰችውን ዋጠች፣ ውሃ ተጎነጨች።

«ለየት ያለ ነው» አለች።