እማማ ሺላ ዘጠነኛ ሲያጡ

በዘጠናዎቹ አሜሪካ ሬኒየር ቫሊ የሚባል ሰፈር ስንኖር፣ ከእኛ በላይ ባለው አፓርታማ እማማ ሺላ የምንላቸው ህንዳዊት አሮጊት ነበሩ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ታክሲዬን ፓርክ አድርጌ ስገባ ደረጃው ላይ ያዙኝ።

«ዛሬ የሴቷ አምላካችን በዓል ነው። ዘጠኝ ትንንሽ ልጃገረዶችን እሷን እንደሆኑ አድርገን እናከብራለን። ስምንት አሉኝ፤ ሶ፣ ልጅህን አውሰኝ» አሉ።

ልጄ ሳሮን ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር። ኋላ እንዳላፍር ብዬ፣ «እማማ፣ ትናንት እኮ ልጅ ነክሳ ከትምህርት ቤት ኮል አድርገውልኛል» አልኳቸው።

«ምንጣፉ ላይ የተቀመጠች ሁሉ እስክትነሳ ድረስ ነውር የለባትም» አሉና ይዘውን ወጡ።

ስምንቱ ልጆች ተደርድረዋል። እማማ ሺላ ተንበርክከው የእያንዳንዷን እግር ያጥቡና ግንባራቸውን እግሯ ላይ ያሳርፋሉ። የሰባ ዓመት ሴት ለልጄ ሊሰግዱ ነው ብዬ ላብ በላብ ሆንኩ። ተራዋ ደርሶ ውሃው ሲነካት ሳሮንን ኮረኮራትና የውሃውን ሳህን ረግጣ ደፋችው፤ ሮጣም ከበሩ ኋላ ተደበቀች። ብለምናትም ብቆጣትም «ኖ» አለች።

በስምንት አይሆንም። እማማ ሺላ በሩን አዩ፣ ሰዓቱን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩኝ።

«ካልሲህን አውልቅ» አሉኝ።

እምቢ ማለት አቃተኝ። ጺሜን አንዠርግጌ ከልጆቹ ጎን ተቀመጥኩ፤ እሳቸውም ስንት ሰዓት ፔዳል ሲረግጥ ያደረ እግሬን አጥበው ግንባራቸውን ዝቅ አደረጉ። ሳሮን ከበሩ ኋላ ብቅ አለች።

«ዳዲ ኢዝ ኖት ኤ ገርል» አለች።

እማማ ሺላ ቀና ሳይሉ መለሱላት፤ «ለዛሬ ናት።»