የዳኛው መኪና በር

ያን በር ሳስታውስ ዛሬም ደሜ ይፈላል። መጀመሪያ በበሩ ተናደድኩ፣ ቀጥሎ በዘበኛው፣ ከዚያም በዳኛው። በማን መናደድ እንደነበረብኝ የገባኝ ከሁሉም በኋላ ነው።

ደብረ ብርሃን ውስጥ የአንድ ዳኛ ሾፌር ነበርኩ። የምኖረው በግቢያቸው ባለች አንዲት ክፍል ሲሆን፣ ዘበኛው ደግሞ ከአጥሩ በር አጠገብ ባለች ጎጆ ከሚስቱ ጋር ይኖራል። ከዚያች ጎጆ ሌላ የራሳቸው የሚሉት ቤት አልነበራቸውም።

ኅዳር ላይ አባቴ ከመዘዞ መጥቶ ሦስት ቀን አብሮኝ ሰነበተ። አባቴ ቆዳ ፋቂና ኮርቻ ሰፊ ነው። እኔ ግን ለግቢው ሰው ሁሉ ገበሬ ነው ብዬ ነበር፤ ፋቂ ሲባል ሰው ፊቱን እንዴት እንደሚያጨማድድ አሳምሬ አውቃለሁ። አባቴ የዳኛውን መኪና ዞሮ ዞሮ አየና፣ “ልጄ፣ ይኼ ሁሉ ብረት እንዳይዝግ ምን ትቀቡታላችሁ?” አለኝ። ሰው እንዳይሰማው ፈርቼ፣ “ዝም ብለህ እይ፣ እንዳትነካ!” ብዬ ተቆጣሁት። በማግሥቱ ወደ አገሩ ተመለሰ።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ጠዋት የመኪናው ቁልፍ አልገባ አለ። በአራቱም በሮች ሞከርኩ፣ አራቱም እምቢ አሉ። ሌሊቱን ውርጭ ወርዶ ሣሩ ነጭ ሆኗል። ገፋሁ፣ ደበደብኩ፣ ተሳደብኩ። ዳኛው ካባቸውን ደርበው ቆመዋል፤ አቤት ሊሉ የመጡ ባለጉዳዮችም ያዩናል። “በር መክፈት ያቃተው ሰው እንዴት አድርጎ ነው መኪና የሚነዳው?” አሉ ዳኛው። ባለጉዳዮቹ ሳቁ። ረፋዱ ላይ ፀሐይ ስትሞቅ ያ የተረገመ ቁልፍ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ዞረ።

የቁልፉን ጥርስ ሞረድኩት። በማግሥቱም ውርጭ ነበር፣ በሩ ግን ወዲያው ተከፈተልኝ፤ በሦስተኛውም ቀን እንደዚያው። በአራተኛው ቀን ዘበኛው ለቅሶ ሄዶ ውጭ ሲያድር፣ በሩ እንደገና እምቢ አለኝ። ይህን ሳይ የሰው እጅ አለበት አልኩ፤ አንድ ቀን እሺ አንድ ቀን እምቢ የሚል ብረት የት አለ? ዘበኛው ያልነበረ ዕለት መሆኑን ልብ ብል ኖሮ ነገሩ በተገላቢጦሽ ይገባኝ ነበር። ግን ቂም ነበረኝ፤ አምሽቼ መግባቴን ለዳኛው ተናግሮብኛል። ቂም ያለው ሰው ደግሞ የሚያየው ማየት የሚፈልገውን ነው።

ጎህ ሲቀድ ተነሥቼ አደባሁ። ዘበኛው መጣና በሩ ላይ አጎንብሶ፣ በጨርቅ የያዘውን ሚስማር የቁልፉ መግቢያ ውስጥ ከተተ። “ያዝኩህ!” ብዬ ጮኽኩ። ሚስማሩ ከእጁ አምልጦ ውርጩ ላይ ሲወድቅ ጭስስ አለ። በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ለምን ብዬ ግን አልጠየቅሁም።

ጎትቼ ዳኛው ፊት አቀረብኩት። ቀኑን ሙሉ “ምስክር አምጣ” ሲሉ የሚውሉት ዳኛ ለዚህ አንድ ምስክር፣ እኔ ብቻ በቃኋቸው። “ምን ትላለህ?” አሉት። ዘበኛው ቀና ብሎ እኔን አየኝ። “የምለው የለኝም ጌታዬ” አለ። በዚያው ቀን እሱ ፊት ፊት፣ ሚስቱ ድስቷን አዝላ ከኋላ፣ ግቢውን ለቀው ወጡ። እኔም የልቤ ደረሰ ብዬ ምሳዬን በላሁ።

ከዚያ ወዲያ በሩ አንድም ጠዋት አልከፈት አለ። በስድስተኛው ቀን ብሽቅ ብዬ ፀሐይ እስክትሞቅ ጠበቅሁና መቆለፊያውን ከበሩ ላይ ፈታሁት። ውስጡ ነጭ ነገር ተጠቅጥቋል። አሸተትኩት፤ የበግ ሞራ ነው። አባቴ ልጓምም ወስፌም የሚቀባው እሱን ነው፤ ያደግሁትም በዚያ ሽታ ነው። ቆላ ቢሆን ቀልጦ ይቀር ነበር፤ በደብረ ብርሃን ውርጭ ግን ረግቶ ይደርቃል።

እሑድ ዘበኛው የሄደበትን ጠይቄ ጎረቤላ ወረድኩ። ወንድሙ ቤት ተጠግቶ እንጨት ሲፈልጥ አገኘሁት።

“እርስዎ ለምን አልተናገሩም?” አልኩት።

መጥረቢያውን አስቀመጠ። “አባትህ ሲቀቡት አይቻለሁ። ‘ለልጄ ነው’ አሉኝ፣ ደስ ብሏቸው። እጃቸውን አይቼ ሥራቸውን አወቅሁ። አንተ ገበሬ ናቸው ብለሃል። ታዲያ ዳኛው ፊት ምን ብዬ ልናገር?”

“ሚስማሩስ?”

“በምሞቀው እሳት አግዬ ሞራውን አቀልጥልህ ነበር። ያን ቀን በሰው ፊት ሲያዋርዱህ አንጀቴን በላኸኝ።”

ያን ጊዜ ሰድቦኝ ቢሆን በወደድኩ። ሚስቱ ውኃ አምጥታ ሰጠችኝ።

ሰኞ ጠዋት፣ ባለጉዳዮቹ ተኮልኩለው ሳለ፣ ዳኛው ፊት ቆምኩ። “አባቴ ፋቂ ነው። ሞራውን የቀባው እሱ ነው። ዘበኛው ንጹሕ ሰው ነው፤ በሐሰት የከሰስኩት እኔ ነኝ” አልኩ። ድምፄ እስከ መንገዱ ይሰማ ነበር።

ዳኛው ሰዓታቸውን አዩ። “ሌላ ዘበኛ ቀጥሬያለሁ። ለመሆኑ በሩ ተሠራ?”

“ተሠርቷል ጌታዬ።”

“በል ክፈት።”

መቆለፊያውን በላምባ አጥቤው ነበር። ሣሩ ነጭ ውርጭ ለብሶ ሳለ፣ ቁልፉ በመጀመሪያው ሙከራ ዞረ።