የከረመ ወይን ፍለጋ ወደ መርሳ

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከወልድያ ተነሣሁ። መርሳ አጠገብ ከጓሯቸው ወይን እየለቀሙ ከሚጠምቁ አንድ ሽማግሌ ካበርኔ ከሚባለው የወይን ዘር የተጠመቀ የቆየ ቀይ ወይን ልገዛ ነው። እኔ የመኪና መለዋወጫ ሻጭ ነኝ፤ በጠርሙስ የማውቀው የፍሬን ዘይት ብቻ ነው። ወይኑ የተፈለገው ለባለቤቴ ለሰብለ ወንድም፣ አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ ወይን እየቀመሰ ለሚኖረው ለጋሽ ጌታቸው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወላጆቿ ካረፉ በኋላ ሰብለን ያሳደጋት ጋሽ ጌታቸው ነው። እኔ ግን ከሦስት ዓመት በፊት እሷን ለማግባት ሽማግሌ በላክሁ ጊዜ፣ በዕድሜ ይበልጣሉ ብዬ ወደ አጎቷ ላክሁ። አጎትየው ደስ ብሏቸው ፈቀዱ። ጋሽ ጌታቸው ሠርጋችን ላይ አልመጣም፤ ስልክም ማንሳት ተወ። ሰብለ አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰችኝም፤ እኔን የበላኝ ይኸው ነው። እሁድ ልጃችን ክርስትና ስለምትነሣ እመጣለሁ ብሏል። ዛሬ ከሰዓት ይገባል። ባዶ እጄን ልቀበለው ፈራሁ።

መርሳ፣ ሁለት ሰዓት ከሩብ

ሚኒባሱ መቶ ብር ወሰደብኝ። ከሲሪንካ ጀምሮ ግራ ቀኙ ማሽላ ነው፤ ተራራው በስተቀኝ ሳይለየን መርሳ ደረስን። መንገድ ዳር ፓፓያና ብርቱካን ተደርድሯል። ፉል በዳቦ በላሁና ወደ ግራና ከተማ የሚወስደውን መንገድ በባጃጅ ያዝሁ።

ከባጃጁ ስወርድ ማንጎ ጥላ ሥር የተቀመጡ ሰው አገኘሁ፤ ሼህ ሰይድ ይባላሉ። ሰላምታ ተለዋውጠን የአቶ ተሰማን ቤት ስጠይቃቸው ከት ብለው ሳቁ።

«የማልጠጣውን ነገር ቤት ሳሳይ ስንት ዘመኔ» አሉና ከፊት ከፊቴ መሩኝ።

አቶ ተሰማ ወጣት ሳሉ ሩቅ አገር ወይን መጭመቂያ ውስጥ ሠርተዋል። ሲመለሱ የካበርኔ ግንድ ቁራጭ በእርጥብ የማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልለው አመጡ። በስልክ «ያረጀ ወይን አለዎት ወይ?» ብያቸው ኖሮ በሩ ላይ ይህንኑ ቃሌን ይዘው ጠበቁኝ።

«ያረጀሁትስ እኔ ነኝ። ወይን አያረጅም ልጄ፤ ይከርማል።»

ጠርሙሶቹ የተኙት ሼህ ሰይድ ለማሽላ ማስቀመጫ ቆፍረው በተዉት ጉድጓድ ውስጥ ነው። በመሰላል ወረድን። ቀዝቀዝ ያለና ጭድ ጭድ የሚል ነው። በየጠርሙሱ አንገት የቃጫ ገመድ ታስሯል፤ አንድ ክረምት ባለፈ ቁጥር አቶ ተሰማ አንድ ቋጠሮ ይጨምሩበታል። አምስት ቋጠሮ ያላቸውን ሁለት ጠርሙሶች መረጥሁ።

ለማን እንደሆነ ጠየቁኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ሰምተውኝ ሲያበቁ ጠርሙሶቹን ከእጄ ተቀብለው ጭዱ ላይ መለሷቸው። ደነገጥሁ።

«ለዚህ ሰው የቀረበት ወይን አይደለም፤ ሽማግሌ ተልኮለት መጠየቁ ነው» አሉኝ። «ይህን ብቻ ይዘህ ብትሄድ ልትደልለው የመጣህ ይመስለዋል።»

ከላይ ከጉድጓዱ አፍ የሼህ ሰይድ ድምፅ መጣ። «ታዲያ ምን ያስቀምጠናል? ጋቢዬን ላምጣ።»

ሦስት ሺህ ብር ከፈልሁ። ቅናሽ ብጠይቅ፣ ሽምግልናው በነፃ ነው፣ ወይኑ ግን ልፋት አለበት አሉኝ አቶ ተሰማ። ሁለቱ ሽማግሌዎች እስከ ወልድያ ድረስ ማን ቀድሞ ይናገር በሚለው ሲከራከሩ መጡ።

ወልድያ፣ ዘጠኝ ሰዓት

ጋሽ ጌታቸው ቀድሞን ገብቷል። ሕፃኗን ታቅፏል፤ ከሰብለ ጋር ግን ስለ መንገዱና ስለ አየሩ ብቻ ነው የሚያወሩት። ሽማግሌዎቹ ገብተው ቆሙ። ተቀመጡ ቢባሉ ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም አሉ። እኔ ጠርሙሶቹን ይዤ ከኋላቸው ቆምሁ።

«ልጅዎን ለልጃችን ልንጠይቅ ነው የመጣነው» አሉ አቶ ተሰማ።

ጋሽ ጌታቸው ያቀፋትን ሕፃን አየ፣ ሰብለን አየ። እንዳይስቅ ፈራሁ፤ አልሳቀም። ቀስ ብሎ ተነሣና ጋቢውን አስተካከለ።

«ልጁ ማነው? ሥራውስ?»

«መለዋወጫ ይሸጣል» አሉ ሼህ ሰይድ። «አድራሻ ይሳሳታል እንጂ ክፉ አይደለም።»

«ከዘመድ ልምከር። መልሱን ነገ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ትሰማላችሁ።»

ሰብለ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ጓዳ ሮጠች። ስታለቅስ እሰማታለሁ፤ እኔም ዓይኔን መቆጣጠር አቃተኝ። ማታ ወደ መኝታ ቤት ልገባ ስል ሼህ ሰይድ ክንዴን ያዙ፤ ገና አልተፈቀደልህም አሉኝ። የሦስት ዓመት ባለትዳር ከሽማግሌዎች ጋር ሳሎን ፍራሽ ላይ አደርሁ።

እሁድ

ልጃችን ክርስትና ተነሥታ ተመለስን። ለሼህ ሰይድ ጎረቤታችን ከድጃ ምሳቸውን ለብቻ ሠርታ አመጣች። ጋሽ ጌታቸው በሰው ሁሉ ፊት ተነሣና «ሰጥተናል» አለ። እልልታው ሕፃኗን ቀሰቀሳት።

ወይኑ ኮምጠጥ ይላል፤ አሁንም ስለ ወይን የማውቀው ነገር የለም። ከመርሳ ያመጣሁት ትምህርት፣ የሰው ክብር በስጦታ እንደማይተካና በጎደለበት በር ተመልሶ ሊገባ እንደሚገባው ነው፤ ሦስት ዓመት ዘግይቶም ቢሆን።

ጠርሙሱ ከመከፈቱ በፊት ጋሽ ጌታቸው የአንገቱን ቃጫ አየና ምንነቱን ጠየቀ። አቶ ተሰማ ነገሩት። እሱም አንድ በአንድ ሦስት ቋጠሮ ፈታና ገመዱን ለሰብለ አቀበላት።

«ሁለቱስ?» አለችው።

«እነሱ የወይኑ ናቸው።»