የሐጂ ሰማያዊ ሉህ

ሱሉልታ የተከራየሁበት ግቢ ባለቤት የሕንጻ መሣሪያ መደብር ያላቸው አዛውንት ሐጂ ናቸው። የእጃቸው መገጣጠሚያ በብርድ ስለሚያብጥ፣ ጎህ ሲቀድ ለሚሰገደው የሱብሂ ሶላት ታጥበው ውዱእ የሚያደርጉበትን ውሃ ባለቤታቸው ከሁሉ ቀድመው ተነሥተው በከሰል ያሞቁላቸው ነበር፤ በዚያ ሰዓት መብራት የሚታመን አይደለም። ይህ ሐጂን ያሳፍራቸዋል። ባለቤታቸውም እያረጁ ነውና፣ ሳይቀሰቅሷቸው መታጠብ ይሻሉ። ስለ ፀሐይ ውሃ ማሞቂያ እንደማነብ በሰሙ ጊዜ ጣሪያቸውን ፈቀዱልኝ።

የመጀመሪያው ጥያቄ የፀሐዩን ሙቀት ተቀብሎ ለቧንቧው የሚያስተላልፈው ዝርግ ሉህ ከምን ይሁን የሚለው ነበር። በዚህ ረገድ ከመዳብ የሚሻል በቀላሉ እንደማይገኝ አስረዳኋቸው። በትዕግሥት ሰምተውኝ፣ "መዳብ ጣሪያ ላይ ካሰጣህልኝማ፣ ጠዋት የምታጠበው በነፋስ ነው" አሉ። ሌባ ለመዳብ ያለውን ፍቅር መጻሕፍቴ አልጠቀሱትም።

ስለዚህ ሁለት አማራጭ ያዝን። አንደኛው ከመደብራቸው የወጣ ላሜራ ሲሆን፣ የማያብረቀርቅ ጥቁር ቀለም ቀባሁት። ሁለተኛውን ሰበታ ካለ አንድ ወርክሾፕ አመጣሁት፤ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ስስ ሽፋን በፋብሪካ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። ጥቁር ቀለም የፀሐይን ብርሃን አሟጥጦ ይቀበላል፤ ሲግል ግን ሙቀቱን መልሶ ይረጫል። ሰማያዊው ሽፋን የሚመልሰው ጥቂቱን ብቻ ነው። እንዲህ አንብቤ ነበር፤ በዓይኔ ማየት ደግሞ ፈለግሁ።

ሁለት ሣጥን ሠራሁ። እኔ የሚከደኑበትን መስታወት ስቆርጥ ሐጂ ሉሆቹን በየሣጥናቸው አኖሩ፤ ከድነንም ጣሪያው ላይ ለፀሐይ አስጥተን አዋልናቸው። ከሰዓት በኋላ ቴርሞሜትሩን ሳነብ ሁለቱ እኩል ሆኑብኝ። በማግሥቱም እኩል። ሐጂ ለራሳቸው ላሜራ አድልተው፣ የሰበታው ለመልኩ ነው የመጣው እያሉ ቀለዱብኝ። እኔ ግን መጽሐፉ ተሳስቶ ይሆን ወይስ እኔ የሚለው እንቅልፍ ነሣኝ።

መስታወቱን አንሥቼ ሰማያዊውን ስዳብስ ጥፍሬ አንድ ጠርዝ ያዘ። ሉሁ እንዳይጫር ከፋብሪካ የተለጠፈበት ጥርት ያለ ላስቲክ አልተላጠም ነበር።

"አውቃለሁ" አሉ ሐጂ ያለ አንዳች ሐፍረት። "አዲስነቱ እንዲቆይ ነው የተውኩት።"

ሊያስገርመኝ አይገባም ነበር፤ በሳሎናቸው ያለው ፍሪጅም ወንበሩም ከነላስቲኩ ነው። እኔን የደነቀኝ ሌላ ነው፦ ለዓይን ጥርት ያለ ነገር ለሙቀት ጥርት ያለ ላይሆን ይችላል። ላስቲኩ ራሱ ይግልና ልክ እንደ ጥቁሩ ቀለም ሙቀቱን ወደ ውጭ ይረጨዋል። ሉሁን የመረጥንበትን አንዱን ጠባይ ሸፍነንበት ነበር።

"ሐጂ፣ እንዳይሞቅ እየጠበቅነው እኮ ነው" አልኳቸው።

"ቢጫርስ?"

"ይጫር።"

ከጣሪያው ወደ ታች ሲመለከቱ ባለቤታቸው ለነገ ጠዋት ከሰል ወደ ማድቤት ይዘው ሲገቡ አዩ። አታግዘኝ ብለው ባበጡ ጣቶቻቸው ላስቲኩን ቀስ እያሉ ራሳቸው ላጡት። በዚያው ቀን ሰማያዊው ጥቁሩን በግልጽ በለጠ።

ቧንቧውን ከሉሁ ጋር አያይዘን፣ ውሃው ሙቀቱን ይዞ እንዲያድር የሚጠራቀምበትን በርሜል በወፍራም ስፖንጅ ጠቀለልን። በተገጠመ ማግሥት ጎህ ሳይቀድ የውሃ ድምፅ ሰማሁ። ሐጂ ግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሳይቸኩሉ እግራቸውን ያጥባሉ። ወጥቼ ውሃው ሞቆ እንዳደረ ጠየቅኋቸው።

"ቀስ ብለህ አውራ" አሉኝ፣ በአገጫቸው ወደ መኝታ ቤቱ መስኮት እያመለከቱ። "ተኝታለች።"