ጣሪያ ላይ የተላክን እርጉዞች

ጦርነቱ ሳይመጣ፣ ካርቱም ሪያድ ሰፈር በሰው ቤት ስሠራ፣ እኔና መዳም እኩል አረገዝን። የእኔ የመጀመሪያዬ ነበር። ባለቤቴ ራክሻ የሚሉትን ባጃጅ እየነዳ ሱቅ ዐረቢ ገበያ ይውላል። ቤቱን የሚያዙት የመዳም አማት፣ ሐጃ፣ ነበሩ።

ሆዳችን ገፍቶ ሳለ መጀመሪያ ያስነጠስኩት እኔ ነኝ። ሐጃ አፍንጫቸውን በተጠቀለሉበት ቶብ ሸፍነው «ያላ፣ ወደ ላይ!» አሉኝ። ጣሪያው ላይ ወዳለችው ክፍል ወጣሁ። ምግቤን በቅርጫት አድርገው ያስሩልኛል፤ እኔ በገመድ እስባለሁ። ትኩሳቱ አጥንቴን ሲቆረጥመኝ ስልኬ ይጮሃል፤ መዳም ናት፣ ሙላሕ የሚሉትን ወጥ ልትሠራ።

«የሙላሑ ሽንኩርት መቼ ነው የሚገባው?»

«መጀመሪያ ነው መዳም» አልኳት እያሳልኩ።

«ውሃውን አስቀደምኩ እኮ!»

«እንግዲህ ኢንሻአላህ ወጥ ይሆናል።»

በማግስቱ ስትደውል ድምጿ ተዘግቷል። ሐጃ እሷንም አልማሯትም፤ ትራሷን ታቅፋ እያለቀሰች ደረጃውን ወጣች። አልጋ ላነጥፍላት ስነሣ ሁለታችንም አስነጠስንና ሆዳችንን ይዘን ቁጭ አልን። አስቆን፣ ሳቁ ደግሞ አስሎን፣ ትንፋሽ አጠረን።

ሐጃ በበኩላቸው ቀረድ የሚባለውን የግራር ፍሬ ፍም ላይ አድርገው ታጠኑ ብለው ላኩልን። ፍሙ ቅርጫቱን አቃጠለው። ጎረቤት ባልዲ ይዞ መጣ።

ከሰዓት በኋላ ግን ልጄ መንቀሳቀስ ተወች። መዳም እጇን ሆዴ ላይ አድርጋ ጠበቀች። ፊቷ ተለወጠ። የራሷን ትኩሳት ረስታ ጣሪያው ጫፍ ላይ ቆመች፤ ባሏን በስሙ እየጠራች ሰፈሩን አናወጠችው።

ባሏ ፊቱን በጥምጣሙ ጠቅልሎ፣ የመኪናውን መስኮት ሁሉ ከፍቶ ሆስፒታል ወሰደን። ሐኪሟ ሁለቱን ሆድ አይታ «ማሻአላህ፣ ሁለቱም ባንድ ጊዜ!» አለችው።

«አይ፣ ይቺ እንኳ...» ብሎ ሳይጨርስ አስነጠሰ።

አንዲት አስታማሚ ባልቴት «ሁለቱንም እኩል ያዝ፣ አላህ ይጠይቅሃል» ብለው መከሩት። ባለቤቴ ሮጦ ሲደርስ «አንተ ደግሞ የማን ነህ?» ብለው ከበር መለሱት።

ሐኪሟ ግን አልሳቀችም። «ይሄ ጉንፋን አይደለም፤ ኢንፍሉዌንዛ ነው። እርጉዝ ላይ ይከፋል። ሳንባ ይይዛል፤ ምጥም ያለጊዜው ያመጣል። ትኩሳት ሲይዛቸው የት ነው የምትወስዷቸው?»

ባልየው ቀና ብሎ የክፍሉን ጣሪያ አየ።

የልጄ ልብ ይመታ ነበር። መድኃኒት ሰጡን፤ ለእኔ ኦክስጅንም ተደረገልኝ። ሆኖም ምጤ ጊዜውን አልጠበቀም። ልጄ ስትወለድ በጣም ትንሽ ስለነበረች ባለቤቴ መንካት ፈራ። ማሞቂያ ውስጥ አስገቧት። የጡቴ ወተት እየታለበ በቱቦ ተሰጣት። እኔ መስታወቱ ጋ ቆሜ ደረቷ ከፍ ዝቅ ሲል አያለሁ። ሲቆም የሚመስለኝ ጊዜ አለ፤ ያኔ የእኔም ይቆማል።

መዳም ቶሎ ተሻላት፤ ኋላም በወሯ ወንድ ልጅ በሰላም ተገላገለች። ሐጃ እኔን ሊጠይቁ መጥተው መስታወቱን በቶባቸው ጫፍ ወለወሉ፤ ልጄን አይተው አለቀሱ።

ልጄ ከማሞቂያው ወጥታ መጥባት ስትጀምር ሳሉ ገና አልለቀቀኝም ነበርና ማስክ አድርጌ አጠባት ጀመር። ሲሻለኝ ማስኩን አውልቄ ሙሉ ፊቴን አሳየኋት። ትክ ብላ አየችኝና እሪ አለች። ባባብላትም እንቢ አለች። መልሼ አጠለቅኩት፤ ወዲያው ዝም ብላ ጠባች።